ከክፉ ቀን እስከ ዛሬ፡- አርቢው ከብቱን ከድርቅ፣ ከጎርፍና ከወረርሽኝ ለማትረፍ የተጓዘበት መንገድ

ለኢትዮጵያ አርሶ አደር በሬ ማለት እርሻ ነው። ላም ማለት የልጅ ጉሮሮ፣ በግና ፍየል ማለት የእጅ ገንዘብ፣ አህያ ማለት የገበያ እግር ነው። ለአርብቶ አደሩ ደግሞ መንጋው ምግቡም፣ ባንኩም፣ ማዕረጉም ነው። በመሆኑም ድርቅ፣ ጎርፍ ወይም ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር አርቢው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከብቱን ምን ላድርገው?» ብሎ ነው። ሰው ከረሃብ ተርፎ መንጋው ካለቀ በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ቢዘንብም የሚያርስበት በሬ፣ የሚታለብ ላም የለውም። ድርቁ ካለፈ በኋላም ችግሩ ከቤቱ አይወጣም።

ዩኒየኑ የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ወደ ኋላ ተመልሶ ይህን ጥያቄ አባቶች እንዴት እንደመለሱት ማየት ተገቢ ይሆናል። ምክንያቱም ከብትን ከአደጋ ማትረፍ በየትኛውም ዘመን በአንድ ሰው አቅም የተከናወነ ሥራ አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እ.ኤ.አ. ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ ይሏል።

የክፉ ቀን ትምህርት

በአገራችን ታሪክ በእንስሳት ላይ ከደረሱት አደጋዎች ሁሉ የከፋው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውና ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ የሰየመው ዘመን ነው። የአደጋው መነሻ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ነበር። በሽታው ወደ አገር የገባው የጣሊያን ጦር ለስንቅ ከህንድ በባሕር አስጭኖ ምጽዋ ላይ ካወረዳቸው ከብቶች ጋር እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ከዚያ በፊት የአገሪቱ ከብት ይህን በሽታ የሚቋቋምበት አቅም አልነበረውም። በጥቂት ወራት ውስጥ ከሰሜን ተነሥቶ ደጋውንም ቆላውንም አዳረሰ። በአገሪቱ ከነበሩት የቀንድ ከብቶች ከአሥሩ ዘጠኙ እንዳለቁ ይገመታል።

የዝናብ መጥፋት፣ አንበጣና ተምች በዚያ ላይ ተደረቡ። ይሁን እንጂ ረሃቡን ያን ያህል ያከፋው የበሬ መጥፋት ነበር። ዘር የነበረው ገበሬ እንኳ የሚያርስበት በሬ አጣ። ሰው መሬቱን በዶማ እየቆፈረ ለመዝራት ተገደደ። ዳግማዊ ምኒልክ ለሹማምንቱና ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው መቆፈራቸው በታሪክ ተመዝግቧል። ንጉሥ ዶማ የሚያነሣበት ዘመን የመጣው በበሬ መጥፋት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ክፉ ቀን ሁለት ነገር አስተማረ። የመጀመሪያው፣ ከብት የሚገድለው ረሃብና ጥም ብቻ ሳይሆን ከሩቅ የሚመጣ የማይታይ ጠላትም መሆኑን ነው። የዚያን ጊዜ አርቢ ከበሽታው የሚያስጥለው መድኃኒት ስላልነበረው ማድረግ የሚችለው መንጋውን ከታመመው መለየትና ወደ ሩቅ ስፍራ መሸሽ ብቻ ነበር። ሁለተኛው፣ በአንድ በረት የታጎረ መንጋ በአንድ ጊዜ እንደሚያልቅ ነው። ከብትን በተለያየ ስፍራና በተለያየ ሰው ዘንድ ማኖር አደጋን ይከፋፍላል። በደጋው ክፍል የሚታወቀው የርቢ ልማድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ባለ ከብቱ ላሙን በሌላ አካባቢ ላለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ይሰጣል፤ ጠባቂው ወተቱን እየተጠቀመ ያረባል፤ የሚወለደውን ይካፈላሉ። አንዱ አካባቢ በረዶ ወይም ድርቅ ቢመታው በሌላው የዘር ከብት ይተርፋል። አንድ በሬ ብቻ የቀረው ገበሬ ደግሞ አንድ ከቀረው ጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። መቀናጆ የምንለው ይህ ነው።

የተዘጋ ሣር፡- የመንዝ ጓሳ

በድርቅ ጊዜ ከብት የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በመኖ እጦት ነው። ለክፉ ቀን የሚሆን ሣር በደህና ቀን ካልተጠበቀ በክፉ ቀን ከየትም አይመጣም። ይህን በሚገባ ተረድተው ሥርዓት ካበጁት መካከል በሰሜን ሸዋ የመንዝ ሕዝብ ይጠቀሳል።

የጓሳ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ውርጫማ ቦታ ነው። ስሙን ያገኘው በስፍራው ከሚበቅለው ጓሳ ከተባለው ሣር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለመኖ ያገለግላል። ሕዝቡ ይህን ቦታ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። በዚህ ሥርዓት ባለመብቶቹ ከየወገናቸው አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። አባ ቄራው ቦታው የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ ከሕዝቡ ጋር እየመከረ ይወስናል። ጓሳው ለተከታታይ ሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ከግጦሽም ከአጨዳም ተዘግቶ ይቆይ ነበር። ሣሩ በቂ ሆኖ ሲገኝ ወይም ድርቅ ሲጠና በበጋው ወራት ይከፈታል። በመጀመሪያ ሣር ይታጨዳል፤ ከዚያ በኋላ ከብት ይገባል፤ ክረምቱ ሲገባ ሁሉም ይወጣና እንደገና ይዘጋል። ሕጉን ጥሶ የተገኘ ብርቱ ቅጣት ይጠብቀው ነበር።

የዚህ ሥርዓት ጥንካሬ ሣሩን ለቸገረው ጊዜ ማቆየቱ ነበር። በደህና ዓመት «ሣሩ ያለ ጥቅም ቆሞ ይደርቃል» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ድርቅ በመጣ ጊዜ የመንዝ በሬ የሚተርፈው በዚያ «ያለ ጥቅም በቆመ» ሣር ነበር። ሥርዓቱ በርስት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የአባ ቄራው ሥልጣን አከተመ። ጠባቂ ያጣው ጓሳ ለሁሉም ክፍት ሆነና ጉዳት ደረሰበት። ከጊዜ በኋላ ግን የአካባቢው ሕዝብ በእድር መልክ ተደራጅቶ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ። በዛሬው ጊዜ ጓሳ በማኅበረሰቡ የሚተዳደር የጥበቃ ስፍራ ሆኖ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም ተጠልለውበታል። የድሮው ሥርዓት ሴቶችንና ርስት የሌላቸውን ከመብት ያገለለ እንደነበረ መካድ አይገባም። ሆኖም የግጦሽ መሬት ባለቤትና ደንብ ሲያጣ ምን እንደሚሆን፣ ደንብ ሲመለስለት ደግሞ እንዴት እንደሚያገግም ጓሳ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አሳይቷል።

የቦረና ብልሃት፡- መንጋን መክፈል፣ ውሃን በተራ

በደቡብ ቆላማ አካባቢ የሚኖረው የቦረና አርብቶ አደር ደግሞ ከድርቅ ጋር የኖረ ሕዝብ ነው። ዋናው ብልሃቱ መንጋውን ለሁለት መክፈል ነው። የሚታለቡ ላሞችና ጥጆች ዋራ ተብለው በመንደር አቅራቢያ ይቆያሉ። ጠንካሮቹ፣ ያልወለዱት ጊደሮችና ወይፈኖች ፎራ ተብለው በወጣቶች እየተነዱ ሣርና ውሃ ወዳለበት ሩቅ ስፍራ ይሄዳሉ። በዚህ መንገድ ሣሩ በመንደር ዙሪያ ቶሎ እንዳያልቅ ይደረጋል። ለጥጆችና ለደካማ ከብቶች ደግሞ ካሎ የሚባል የታጠረ ግጦሽ ይከለላል።

ውሃም እንዲሁ ሥርዓት አለው። ቱላ በመባል የሚታወቁት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ሰዎች በመሰላል ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ የሚያወጡባቸው ናቸው። የእያንዳንዱ ጉድጓድ የማጠጫ ተራ አባ ሄሬጋ በተባለ ኃላፊ ይመራል። ማን መቼ እንደሚያጠጣ የሚታወቅ በመሆኑ በጥም ወቅት እንኳ መንጋ በመንጋ ላይ አይተራመስም። ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው ቡሳ ጎኖፋ በተባለው የመረዳዳት ሥርዓት ከብት አዋጥቶ ያቋቁመዋል።

ከቦረና የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። መንጋው ሁሉ በእኩል ዓይን አይታይም። ድርቅ ሲመጣ የትኛው እንደሚሄድ፣ የትኛው እንደሚቀር፣ የትኛው እንደሚሸጥ አስቀድሞ የታወቀ ነው። የዘር ላሟ ከተረፈች መንጋው ይመለሳል። ይሁንና ይህ ብልሃት እንዲሠራ የመንቀሳቀሻ ቦታ ያስፈልጋል። የግጦሽ መሬት በእርሻ፣ በአጥርና በቁጥቋጦ እየጠበበ ሲመጣ ሥርዓቱ አቅም አጣ። ከ1975 እስከ 1977 ዓ.ም. እና እንደገና በ1980ዎቹ አጋማሽ በደረሱት ድርቆች የቦረና አርብቶ አደር በእያንዳንዱ ጊዜ ከሦስት ከብቶቹ ከአንድ በላይ አጥቷል።

1966 እና 1977፡- ከብት ሲረክስ

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በአፋር የደረሰው ድርቅ ሌላ ነገር ገለጠ። ከዚያ ቀደም ብሎ በአዋሽ ወንዝ ዳርቻ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ተስፋፍተው ነበር። ያ ለም መሬት ለአፋር አርብቶ አደር የበጋና የድርቅ መሸሸጊያ ነበር። ዝናብ ሲጠፋ መንጋው ወደ ወንዙ ሲወርድ መሸሸጊያው ተይዞ ጠበቀው። ከብቱ አለቀ፤ ባለቤቱም ተከተለው።

በዚያ ድርቅ የሞተው ከብት ብቻ አልነበረም፤ ዋጋውም ሞቷል። ሁሉም ሰው በአንድ ሰሞን የከሳ ከብት ይዞ ገበያ ሲወጣ የከብት ዋጋ ይወድቃል። በዚያው ሰሞን የእህል ዋጋ ይወጣል። ህንዳዊው የኢኮኖሚ ምሁር አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያን ረሃብ ሲመረምሩ አርብቶ አደሩ የተጎዳው በሁለት በኩል እንደሆነ አመልክተዋል። ከብቱ በመሞቱ ተጎዳ፤ የተረፈው ከብትም ቀድሞ ይገዛ የነበረውን ያህል እህል መግዛት ባለመቻሉ እንደገና ተጎዳ። ገበያ ላይ የቆመ ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብም ይኸው ተደገመ። የእርዳታ እህል ዘግይቶም ቢሆን ለሰው መጣ። ለከብት መኖ ያሰበ ግን እምብዛም አልነበረም። ብዙ የሰሜን አርሶ አደሮች በሬያቸውን ለጥቂት ቁና እህል ሸጡ፤ ወይም ሲሞት ተመለከቱ። ዝናቡ በተመለሰበት ዓመት ደግሞ መሬቱን ያለ በሬ ታቅፈው ቀሩ። መሬቱን በእኩል ለባለ በሬ እየሰጠ የተቸገረው አባወራ ከድርቁ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከድህነቱ አልወጣም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ለዚህ ዓይነቱ የዘገየ እርዳታ የተነገረ ይመስላል።

ደስታ የጠፋበት ታሪክ

በክፉ ቀን የጀመረው የደስታ በሽታ ታሪክ ግን በድል ተጠናቋል። ይህ ድል ለኢትዮጵያ አርቢና ለእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ትልቅ ኩራት ነው።

በአፍሪካ ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1976 በተካሄደው የጋራ የክትባት ዘመቻ ኢትዮጵያም ተሳትፋለች። ለዚህ ያበቃው እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዋልተር ፕሎራይት በኬንያ የሠሩት አስተማማኝ ክትባት ነበር። ዘመቻው በሽታውን ቢያዳክመውም ክትትሉ ሲላላ እንደገና አገረሸ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ የተጀመረው ሁለተኛው አህጉራዊ ዘመቻ ዓላማው በሽታውን መቀነስ ሳይሆን ጨርሶ ማጥፋት ሆነ።

በሽታው በመጨረሻ ከተሸሸገባቸው አካባቢዎች አንዱ አፋር ነበር። ክትባቱ በበረዶ ሳጥን መጓዝ ስለነበረበት መኪናና ፍሪጅ ወደማይደርስበት በረሃ ለመግባት አስቸጋሪ ሆነ። ችግሩን የፈቱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሙቀት የሚቋቋምና ያለ ፍሪጅ አንድ ወር ያህል መቆየት የሚችል ክትባት መገኘቱ ነው። ሁለተኛው ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው በሠለጠኑ የማኅበረሰብ እንስሳት ጤና ሠራተኞች መጠቀም ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሥራ የጀመሩት 20 ያህል የአፋር ክትባት ሰጪዎች በአንድ ዓመት ከ70 ሺህ በላይ ከብቶችን ከተቡ። የመንግሥት ቡድኖች ቀድሞ በዓመት ይከትቡ ከነበረው ይህ ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። መንጋው የት እንደሚያድር፣ ማን ፈቃደኛ እንደሆነ፣ የትኛው ጉድጓድ ላይ መቼ መገኘት እንደሚገባ የሚያውቁት እነሱ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ በኢትዮጵያ የደስታ በሽታ አልታየም። በ2000 ዓ.ም. አገሪቱ ከበሽታው ነጻ መሆኗ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ጤና ድርጅት ተረጋገጠ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከዓለም መጥፋቱ በይፋ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ልጅ ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። አያቶችን ዶማ ያስያዘው በሽታ ዛሬ የለም።

ዛሬ በዚሁ መንገድ ዘመቻ የተከፈተበት የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት ግብ ተይዟል። ግቡ የሚሳካው በግና ፍየሉን ለክትባት የሚያወጣ አርቢ ሲኖር ነው።

1998፡- በአንድ ዓመት ድርቅና ጎርፍ

1998 ዓ.ም. ለአርቢው ሁለት ፊት ያለው ዓመት ነበር። በበጋው ወራት በቦረናና በሶማሌ አካባቢዎች ብርቱ ድርቅ ሆነ። በዚያን ጊዜ በሞያሌ ወረዳ የተሞከረው ሥራ በኋላ ለአገሪቱ መመሪያ መሠረት ሆኗል። በመንግሥትና በእርዳታ ድርጅት ትብብር የከብት ነጋዴዎች ድርቁ ወዳለበት አካባቢ መጥተው እንዲጎበኙ ተደረገ። ለሁለት ነጋዴዎች እያንዳንዳቸው 25 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ብድር ተሰጣቸው። ብድሩ መንገዱን ከፈተና ነጋዴዎቹ በገዛ ገንዘባቸውም ጭምር ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ከብቶችን ከአርብቶ አደሩ ገዙ። በጠቅላላው ለከብቶቹ የተከፈለው ገንዘብ ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል።

ይህ ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ የተደረገው ጥናት ለዛሬው አርቢም ትምህርት ይሰጣል። ቤተሰቡ የሸጠበትን ብር ለምግብ ብቻ አላዋለውም። መኖ ገዛበት፤ የቀሩትን ከብቶች ሣር ወዳለበት በመኪና አጓጓዘበት፤ አሳከመበት። ማለትም የተሸጠው ከብት የቀረውን አዳነ። በድርቁ ወራት ከቤተሰቡ ገቢ ከግማሽ በላይ የተገኘው ከዚህ ሽያጭ ነበር። በዚህ ልምድ ላይ ተመሥርቶ የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2008 ለአርብቶ አደር አካባቢዎች የእንስሳት አስቸኳይ እርዳታ ብሔራዊ መመሪያ አወጣ። መመሪያው ድርቁ ሳይጠና ከብት መሸጥን፣ ለዘር ከብት መኖ ማቅረብን፣ ውሃንና የእንስሳት ሕክምናን በየደረጃው ያስቀመጠ ነው።

ብዙ ባለሙያዎች «አርቢው ከብቱን መሸጥ አይወድም» ሲሉ ይሰማል። ነገሩን በአርቢው ዓይን ማየት ይገባል። ዝናቡ በሚቀጥለው ወር ሊመጣ ይችላል። ዛሬ የሸጠውን ጊደር ከዝናብ በኋላ በዚያ ዋጋ መልሶ አይገዛም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ይጠብቃል። ሞያሌ ያሳየው ግን ተገቢ ዋጋ የያዘ ገዢ በጊዜ ከመጣ አርቢው የሚሸጥ መሆኑን ነው። የጠፋው የመሸጥ ፍላጎት ሳይሆን በጊዜ የመጣ ገበያ ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምት ነገሩ ተገለበጠ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ድሬዳዋን ጎርፍ መታት። በነሐሴ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ የዳሰነች አካባቢ ከ300 በላይ ሰዎችንና በሺህ የሚቆጠሩ ከብቶችን ወሰደ። በጣና ሐይቅ ዙሪያም በፎገራና በሊቦ ከምከም ሜዳዎች ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ። ጎርፍ እንደ ድርቅ ቀስ ብሎ አይመጣም፤ የሌሊት እንግዳ ነው። ለእርሱ የሚሆነው ዝግጅት መንጋው የሚወጣበትን ከፍ ያለ ቦታ አስቀድሞ መወሰን፣ ውሃ ሲሞላ ከብቱን ከማሰሪያ መፍታት፣ ድርቆሹንና ጭዱን ውሃ በማይደርስበት ቆጥ ላይ መከመር ነው። ውሃው ከሸሸ በኋላም አደጋው አያበቃም። አባ ሰንጋና አባ ጎርባ የሚነሡት፣ የጉበት ትል የሚበዛው ጎርፍ ባለፈበት ረግረግ ላይ ነው። የሞተን ከብት ሳይከፍቱና ቆዳውን ሳይገፉ በጥልቅ መቅበር፣ የተረፈውን ማስከተብና የትል መድኃኒት መስጠት ከዚያ ይከተላል።

ልማድም መመሪያም ያልቻለው ድርቅ

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በደቡብና በምሥራቅ ቆላማ አካባቢዎች አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሸፉ። በቦረና፣ በሶማሌና በአጎራባች አካባቢዎች ከ6 ሚሊዮን የሚበልጡ እንስሳት ሞቱ። ፎራ የሚሄድበት ቦታ ጠፋ፤ ሁሉም አካባቢ እኩል ደርቆ ነበር። ቡሳ ጎኖፋም ተፈተነ፤ የሚያዋጣው ሰው ራሱ ከብት አልባ ሆኗልና። በቦረና በ2004 ዓ.ም. በኦሮሚያ ኢንሹራንስ የተጀመረውና በሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ እያየ ካሳ የሚከፍለው የእንስሳት መድን ለገቡት የተወሰነ ድጋፍ ቢሰጥም የገቡት ከመላው አርብቶ አደር ጥቂቱ ናቸው።

ይህ ድርቅ አንድ መራራ እውነት አስተምሯል። አንድ ዝናብ ሲከሽፍ የአባቶች ልማድ ይበቃል። ሁለት ሲከሽፍ ገበያና መኖ ያስፈልጋል። አምስት ሲከሽፍ ግን ከአካባቢው ውጪ የተከማቸ መኖና ቀድሞ የተደረገ ሽያጭ ከሌለ ማንም መንጋውን አያድንም። ውሳኔው መወሰን ያለበት በአምስተኛው ወቅት ሳይሆን በመጀመሪያው ማግሥት ነው።

ከታሪክ ወደ ማኅበራት

ከላይ የታየው ታሪክ በሙሉ የሚመለሰው ወደ አንድ ጉዳይ ነው። ጓሳን የጠበቀው አባ ቄራ ብቻውን አልነበረም፤ ደንብ ያለው ሕዝብ ነበር። ቱላን የሚቀዳው አንድ ሰው አይደለም፤ በመሰላል የተደረደረ ሰው ነው። ደስታን ያጠፋው ክትባቱ ብቻ አይደለም፤ ከብቱን አስልፎ ያስከተበው አርቢ ጭምር ነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 መሠረታዊ ማኅበራት በዩኒየን ተደራጅተው በጋራ እንዲገዙና እንዲሸጡ በር ከፍቷል። ይህ አቅም እስካሁን ባመዛኙ የዋለው ለማዳበሪያ፣ ለምርጥ ዘርና ለእህል ገበያ ነው። ለከብት አደጋ መከላከያ ሊውል የሚችልባቸው መንገዶች ግን በታሪኩ ውስጥ ተመልክተዋል።

የመጀመሪያው መኖ ነው። ገለባና ጭድ በመኸር ማግሥት ይረክሳል፤ በግንቦት ይወደዳል። ዩኒየን በርካሹ ወቅት ገዝቶ፣ አስሮ፣ ከዝናብ በተጠበቀ መጋዘን ቢያስቀምጥ አባሉ በክፉ ሰሞን ከነጋዴ አይለምንም። ጭድን በዩሪያ ማከም፣ ገፈራ ማዘጋጀት፣ ፋጉሎና ፉርሽካ ከፋብሪካ በጅምላ መግዛት ለግለሰብ ይከብዳል፤ ለማኅበር ግን አይከብድም። በእጅ ያለው መኖ ሁሉንም ከብት የማይበቃ ከሆነም ለማን እንደሚሰጥ መታወቅ አለበት፤ በመጀመሪያ ለዘር ላሞችና ለእርሻ በሬዎች፣ ቀጥሎ ለጥጆች።

ሁለተኛው ገበያ ነው። ዝናብ መዘግየቱ እንደታወቀ ያረጁትን፣ መካኖቹንና ትርፍ ወይፈኖቹን ሥጋ ሳይጥሉ በአንድነት አሰባስቦ ከነጋዴና ከቄራ ጋር መዋዋል ይቻላል። አንድ ገበሬ አንድ በሬ ይዞ ሲመጣ ዋጋ ተቀባይ ነው። መቶ በሬ የያዘ ማኅበር ግን ዋጋ ይነጋገራል።

ሦስተኛው ግጦሽ ነው። በየቀበሌው ያለው የወል ግጦሽ ደንብ ካልኖረው የማንም አይሆንም። የተወሰነውን ክፍል ለክፉ ቀን መዝጋትና መቼ እንደሚከፈት በጉባዔ መወሰን አዲስ ነገር አይደለም፤ አባቶች 400 ዓመት ሠርተውበታል። በተፋሰስ ሥራ ያገገሙ ተራሮችም ለዚህ ምቹ ናቸው። አራተኛው ክትባት ነው። ደካማ ከብት በድርቅ መካከል በበሽታ ይጨረሳል፤ ስለዚህ ክትባቱ ከብቱ ሥጋ ሳለ መሰጠት አለበት።

ለዚህ ሁሉ የአመራር አካላት ድርሻ ከፍተኛ ነው። የመጋዘን ቦታ፣ የብድር ዋስትና፣ ወቅቱን የጠበቀ የክትባት አቅርቦትና የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ ከወረዳና ከዞን ይጠበቃል። በድርቅ ጊዜ የሚወጣው በጀት ግማሹ በደህና ዓመት ቢወጣ የሚያስገኘው ጥቅም ይበልጣል። ይሁን እንጂ ደህና ዓመት ላይ ስለ ክፉ ቀን ማንሣት ለሁሉም ይከብዳል። ሣሩ ለምልሞ ሳለ ዝጋው የሚል አባ ቄራ በዘመኑም የተወደደ አልነበረም ይሆናል። ቢሆንም በሬዎቹ የተረፉት በእርሱ ምክንያት ነበር።

ዛሬ በዩኒየኑ አባላት በረት ውስጥ የቆሙት ላሞችና በሬዎች ክፉ ቀንን፣ 1966ን እና 1977ን ካለፉ ጥቂት የዘር ከብቶች የተገኙ ናቸው። ቀጣዩ ድርቅ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም፤ እንደሚመጣ ግን ሁሉም ያውቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባዔ በዚህ ዓመት በሚይዘው አጀንዳ ውስጥ የድርቆሽ መጋዘን፣ የጋራ ሽያጭና የተከለለ ግጦሽ ቢካተቱ የሚቀጥለው ትውልድ አርሶ አደር ዶማ ሳይሆን ሞፈር ይዞ ወደ እርሻው ይወጣል።